በነጻ የተላከልንን ዕቃ ስናወድስ «ስጦታ ነው» ማለት ግዴታ ይሁን ወይ?

አወያይ፦
ውድ ተወያዮች፣ የዚህ ሳምንት ጥያቄ የሚከተለው ነው። አንድ የኮሌጅ ተማሪ ስለሚያነበው መጽሐፍ፣ ስለሚያዳምጠው ሙዚቃና ስለሚለብሰው ልብስ በየዕለቱ ለሕዝብ የሚጽፍ ከሆነ፣ ካወደሳቸው ነገሮች መካከል በነጻ የተላከለት ሲኖር ይህንኑ እንዲያሳውቅ በሕግ ይገደድ ወይስ ነገሩ ለኅሊናው ይተው? ዓመተ ምሕረት የሚጠቅስ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንዲጽፍ፣ ከጥያቄውም እንዳይወጣ አደራ እላለሁ።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦
ነገሩ እንደ እኔ ያሉትን የሚመለከት ስለሆነ ቀድሜ ልናገር። በየማታው አንድ ነገር እጽፋለሁ፤ አንድ ቀን ኅዳጉን በእርሳስ ስለሞነጫጨርኩበት ልብ ወለድ፣ ሌላ ቀን ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ ስላልጠፋ ዜማ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ከእናቴ ሣጥን አውጥቼ ስላሳጠርኩት ቀሚስ። ለዚህ ማንም ከፍሎኝ አያውቅም። ባለፈው ዓመት ግን አንድ የልብስ አምራች ያለ ውልና ያለ ክፍያ ሸሚዝ ላከልኝ። በደረሰኝ ዕለት መስታወት ፊት ቆሜ ፎቶ አነሣሁና እጅግ እንደወደድኩት ጻፍኩ፤ ውሸት አልነበረም። በሦስተኛው እጥበት የብብቱ ስፌት ተተረተረ፤ ስለ መተርተሩ ግን አንድ ቃል አልጻፍኩም። ለምን እንዳልጻፍኩ ራሴን በጠየቅሁ ጊዜ ያገኘሁት መልስ ደስ አይልም፤ ሌላ ጥቅል እንዳይቀርብኝ ሰግቼ ነበር። ኅሊናዬ ብቻውን እንደማይበቃኝ በራሴ ስላየሁ ግዴታውን እደግፋለሁ።

ሙዚቃ ወዳድ፦
እኅቴ፣ ግልጽነትሽን አከብራለሁ፤ ሆኖም ከአንድ ሸሚዝ ተነሥቶ ሕግ ማውጣት ለእኔ ይከብደኛል። ሁለት መቶ የማይሞሉ አንባቢዎች ያሉትን ተማሪ እንደ ነጋዴ መቁጠር የሚያፍነው ማስታወቂያውን ሳይሆን ጨዋታውን ነው፤ ሰው የወደደውን ከመናገሩ በፊት አንቀጽ ማገላበጥ ከጀመረ ዝም ማለትን ይመርጣልና። ደግሞስ ትልልቆቹ ምን እየሠሩ ነው? ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚያስደምጠው ስፖቲፋይ በ2020 ያስተዋወቀው አንድ አሠራር አለ፤ የዘፈኑ ባለመብት ከሚከፈለው ድርሻ እንዲቀነስበት ከተስማማ፣ ዘፈኑ ለአድማጭ ተመርጦ የመቅረብ ዕድሉ ይጨምራል። ይህ እየሆነ ተማሪዋን ስለ ሸሚዟ መጠየቅ ዝሆኑን አሳልፎ ትንኝን እንደማጥራት ነው።

የሕግ መምህር፦
ወንድሜ የሙዚቃውን ምሳሌ ስላነሣ ሳላመሰግን አላልፍም፤ ምክንያቱም የዚህ ሕግ ሥር የሚገኘው እዚያው ሙዚቃ ውስጥ ነው። በ1950ዎቹ በአሜሪካ የሸክላ አሳታሚዎች ለሬዲዮ ዘፈን አቅራቢዎች በስውር ገንዘብ እየከፈሉ ዘፈኖቻቸውን ያስደጋግሙ ነበር፤ ድርጊቱም «ፔዮላ» ይባል ነበር። ጉዳዩ በምክር ቤት ከተመረመረ በኋላ በ1960 የመገናኛ ሕጉ ተሻሻለ። «ሮክ ኤንድ ሮል» የሚለውን የሙዚቃ ስልት ስያሜ በሰፊው ያስለመደው የሬዲዮ ዘፈን አቅራቢ አለን ፍሪድ በ1962 ጥፋተኛነቱን አምኖ 300 ዶላር ተቀጣ፤ ከገንዘቡ ይልቅ የጎዳው ሥራውን ማጣቱ ነበር። ልብ ልትሉልኝ የምፈልገው የሕጉን አቀራረብ ነው፤ የተሻሻለው ሕግ ዋነኛ ጥፋት ያደረገው ገንዘቡን መቀበል ሳይሆን መቀበሉን ከአድማጭ መደበቅ ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2009 መመሪያውን ሲያሻሽል ይህንኑ መርሕ በግላቸው ወደሚጽፉ ሰዎች አወረደው፤ ስጦታም እንደ ክፍያ ሁሉ ይገለጥ አለ። ፈረንሳይም በሰኔ 2023 ባወጣችው ሕግ ጥሬ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን በዓይነት የሚሰጥ ጥቅምን ጨምራ አስገብታለች። ሁለት መቶ አንባቢ ላለው ተማሪ ይህ የሚያስከትለው ሸክም አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር ነው። ስለ ስፖቲፋይ ያነሣኸው ወቀሳ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ዝሆኑም እንዲጠየቅ የሚያደርግ ክርክር እንጂ ተማሪዋን ነጻ የሚያወጣ አይደለም።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦
መምህር፣ በመጽሐፍ በኩል ግን ነገሩ እንደሚሉት ቀላል አይመስለኝም። አሳታሚዎች መጽሐፍ ለገበያ ሳይቀርብ ቅጂ ለሐያሲዎች መላካቸው የቆየ ልማድ ነው፤ ጋዜጣ ላይ «ይህን መጽሐፍ በነጻ አግኝቼዋለሁ» ብሎ የሚጀምር ሒስ ስንቶቻችሁ አንብባችኋል? የ2009ኙ መመሪያ ራሱ ከተወቀሰባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፤ በጋዜጣ የሚጽፈውን ሐያሲ ትቶ በቤቱ የሚጽፈውን አንባቢ ይጠይቃል ተባለ። የተሰጠው መልስ የጋዜጣ አንባቢ ልማዱን አስቀድሞ ያውቃል የሚል ነበር፤ እኔን አላረካኝም። ግዴታው ይውጣ ከተባለ የጋዜጣውን ሐያሲም ተማሪውንም እኩል ይያዝ፤ አለዚያ ደካማውን ብቻ የሚይዝ መረብ ይሆናል። ከቤተ መጻሕፍት ተውሶ የሚጽፍ ተማሪ ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነው፤ ይህን የምለው የራሴን ቤት ለማሻሻጥ እንደሆነ አልደብቅም።

ሙዚቃ ወዳድ፦
ከሁለት አንዱን እቀበላለሁ። ሐያሲውንም ተማሪውንም እኩል የሚይዝ ከሆነ ተቃውሞዬ ይለዝባል። ቅጣት የሚለው ቃል ግን አሁንም አይዋጥልኝም።

የልብስ ስፌት ባለሙያ፦
ሁላችሁም ስለ ማስታወቅ ስትከራከሩ ሸሚዙን ረሳችሁት። «ስጦታ ነው» የሚለው ቃል የጸሐፊዋን ልብ ይነግረኛል እንጂ የልብሱን ነገር አይነግረኝም። ልብስ በደረሰ ቀን ሊመሰገን አይችልም፤ በዚያ ቀን የምታዩት ቀለሙንና ቅርጹን ብቻ ነው። ተማሪዋ ሸሚዙን ብትገለብጠው ኖሮ መተርተሩን ሳታጥበው ታውቅ ነበር። ጨርቅ ለመቆጠብ ሲባል ከስፌቱ ውጭ የሚተርፈው ጠርዝ ሲጠብ፣ ክሩም በረጅም እርምጃ ሲሰፋ፣ ክንድ በሚነሣበት በብብት በኩል ጨርቁ ከክሩ እየሾለከ ይወጣል። የእናቷን ቀሚስ ማሳጠር የቻለችው በዚያ ዘመን ሰፊዎች ሁለት ጣት ያህል ጠርዝ ይተዉ ስለነበር ይሆናል። ስለዚህ ሕጉ ቢወጣም ባይወጣም፣ ስለ ልብስ የሚጽፍ ሰው የደረሰበትን ቀንና ስንት ጊዜ እንዳጠበው ቢጽፍ ለእኔ ከማንኛውም ምልክት ይበልጥብኛል። ልጄ፣ ሸሚዙ አሁንም ካለሽ የውስጡን ጠርዝ ለክተሽ ንገሪኝ።

የሕግ መምህር፦
የእሜቴ ሐሳብ ጥሩ ምክር ነው፤ ምክርን ግን ሕግ ማድረግ አይቻልም። ሕግ ማለት የሚችለው «ማን እንደሰጠሽ ተናገሪ» ብቻ ነው፤ «በደንብ መርምሪ» ሊል አይችልም። ቅጣቱን በተመለከተ ለወንድሜ የምመልሰው፣ መጀመሪያ ተጠያቂ መሆን ያለበት ዕቃውን የላከው ድርጅት ነው። ላኪው በጥቅሉ ውስጥ «ስጦታ መሆኑን ግለጪ» የሚል ወረቀት እንዲያኖር ቢገደድ፣ ተማሪዋ አንቀጽ ማገላበጥ አያስፈልጋትም።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦
ለእኔ በተላከው ጥቅል ውስጥ የነበረው ወረቀት ፎቶ ሳነሣ የድርጅቱን ስም እንድጠቅስ ብቻ የሚጠይቅ ነበር። እማማ፣ ሸሚዙን አሁን ገልብጬ ለካሁት፤ ጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም፤ የቀሚሱ ግን ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። የቀድሞውን ጽሑፍ አላጠፋውም፤ ሸሚዙ በስጦታ እንደመጣና በስንተኛው እጥበት እንደተተረተረ ከሥሩ እጽፍበታለሁ፤ የተተረተረውን ብብት ፎቶም አያይዛለሁ።