ክርክር፦ አንድሪው ጃክሰን ከሃያ ዶላር ኖት ላይ ይነሱ ወይስ ይቆዩ?

አወያይ፦
የዛሬው መከራከሪያችን የአሜሪካ ሰባተኛው ፕሬዚዳንት አንድሪው ጃክሰን ናቸው። ምስላቸው ከ1928 ጀምሮ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሃያ ዶላር ኖት ላይ ይገኛል። በ2016 የወቅቱ የግምጃ ቤት ሚኒስትር ጃክ ሉ፣ ከባርነት አምልጠው ሌሎችንም ያስመለጡት ሐሪየት ተብማን በጃክሰን ቦታ እንደሚተኩ ቢያስታውቁም ለውጡ ሲጓተት ቆይቷል። በሰኔ 2020 ደግሞ ሰልፈኞች ከዋይት ሐውስ ፊት ለፊት በላፋየት አደባባይ የቆመውን የጃክሰን ሐውልት በገመድ ስበው ለመጣል ሞክረው ፖሊስ በትኗቸዋል። ብዙዎቻችሁ በዋሽንግተን አካባቢ ስለምትኖሩ ቦታውን ታውቁታላችሁ። እባካችሁ ከጉዳዩ ሳንወጣ እንከራከር።

የኢኮኖሚ መምህር፦
እኔ ይቆዩ ከሚሉት ወገን ነኝ። ጃክሰን በ1767 በሁለቱ ካሮላይናዎች ድንበር ላይ ከስደተኛ ቤተሰብ ተወልደው፣ በነጻነቱ ጦርነት ጊዜ ገና በአሥራ አራት ዓመታቸው እናታቸውንና ወንድሞቻቸውን አጥተው ብቻቸውን የቀሩ ሰው ናቸው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ስድስቱም ፕሬዚዳንቶች ከቨርጂኒያ ወይም ከማሳቹሴትስ የመጡ ነበሩ። በ1832 የብሔራዊውን ባንክ ፈቃድ የሚያድሰውን ሕግ ውድቅ ሲያደርጉ፣ ባለጠጎችና ኃያላን የመንግሥትን ሥራ ለግል ጥቅማቸው እንደሚያጣምሙ በግልጽ ጽፈዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደቡብ ካሮላይና የፌዴራሉ የጉምሩክ ቀረጥ በግዛቴ አይሠራም፣ ብታስገድዱኝም እገነጠላለሁ ብላ ስታውጅ፣ ጃክሰን ራሳቸው ባሪያ አሳዳሪ የደቡብ ሰው ሆነው ሳለ፣ በጦር መሣሪያ የግዛቶቹን ኅብረት ማፍረስ የአገር ክህደት ነው ብለው ቆመውባታል። በጥር 1835 የአገሪቱን ዕዳ ሙሉ በሙሉ ከፍለው ጨርሰዋል፤ ይህን ያደረገ ሌላ ፕሬዚዳንት የለም። በነባር ሕዝቦች ላይ የተፈጸመው ግፍ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ጃክሰን ያሰቡት በዘመናቸው የነበረ ነጭ አሜሪካዊ ሁሉ ያስበው የነበረውን ነውና በእኛ ዘመን ሚዛን ልንመዝናቸው አይገባም።

የሕግ ሰው፦
መምህር፣ ስለ ባንኩ የጻፉትን ለጊዜው ልለፈው፤ የመጨረሻው ሐሳብዎ ግን ከምክር ቤቱ መዝገብ ጋር አይገጥምም። በ1830 ጃክሰን የፈረሙት፣ ነባር ሕዝቦችን ከሚሲሲፒ ወንዝ ወዲያ ማዶ ለማስፈር የወጣው ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው በ102 ድጋፍና በ97 ተቃውሞ ነው፤ በሴኔቱ ደግሞ 28 ለ19 ነበር። ዘጠና ሰባቱ ሰዎች የኛ ዘመን ሰዎች አልነበሩም። የኒው ጀርሲው ሴናተር ቴዎዶር ፍሪሊንግሃይዘን አገሪቱ በፊርማዋ ያጸናችውን ውል ማፍረስ እንደማትችል በመግለጽ ለሦስት ቀናት የዘለቀ ንግግር አድርገዋል። ከጃክሰን የራሳቸው ግዛት ከቴነሲ የተመረጡት ዴቪ ክሮኬትም ሕጉን ተቃውመዋል። ድምፅ መስጠት ያልተፈቀደላቸው ሴቶች ሳይቀሩ ስማቸውን እየፈረሙ የተቃውሞ ማመልከቻ ለምክር ቤቱ ልከዋል። እንግዲህ በዘመኑ ሚዛን እንመዝናቸው ቢባል እንኳ፣ ያ ዘመን ራሱ ለሁለት ተከፍሎ የተከራከረበት ጉዳይ ነው፤ ጃክሰንም ሁለቱንም ወገን ሰምተው አንዱን መርጠዋል።

የሚነቀሉት ሰዎች ማን እንደነበሩም ይታይ። ከነባር ሕዝቦቹ አንዱ የሆኑት ቼሮኪዎች በ1827 የራሳቸውን ሕገ መንግሥት አጽድቀዋል። ሴኮያ የተባለው ሰው በቀረጸላቸው ፊደልም (እንደ እኛው ፊደል እያንዳንዱ ምልክት ሙሉ ክፍለ ቃል የሚወክል ነው) ከ1828 ጀምሮ ጋዜጣ ያሳትሙ ነበር። ሥልጣኔ አልተቀበሉም የሚለው ሰበብ እነሱ ላይ ፈጽሞ አይሠራም። ብዙም ሳይቆይ በጆርጂያ መሬታቸው ላይ ወርቅ ተገኘ፤ የማፈናቀሉ ሁሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የኢኮኖሚ መምህር፦
ስለ ድምፅ ቆጠራው የጠቀሱት እውነት ነው፤ ክብደትም አለው። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ ሕጉ በወረቀት ላይ የሚለው በስምምነት መሬት እንዲለዋወጡ ነው። ሁለተኛ፣ ቼሮኪዎች በወታደር ተገደው የተነዱት በ1838 በተከታያቸው በፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ዘመን ነው። ሐሳቡም ከጄፈርሰን ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ እንጂ ጃክሰን የፈጠሩት አይደለም።

ከናሽቪል፦
ጋሼ፣ ቫን ቢዩረን ያስፈጸሙት፣ ቼሮኪዎችን ከመሬታቸው የሚያስለቅቀው ውል የተፈረመው በማን ዘመን ነው? በታኅሣሥ 1835 በኒው ኤኮታ የፈረሙት ጥቂት ቼሮኪዎች ከሕዝባቸው ውክልና አልነበራቸውም፤ ዋናው አለቃ ጆን ሮስ አልተቀበሉትም፤ በሺዎች የሚቆጠር ፊርማ የያዘ ተቃውሞም ለዋሽንግተን ቀርቧል። ሴኔቱ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ በአንድ ድምፅ ብቻ በልጦ አጸደቀው፤ ጃክሰንም በ1836 ፈረሙበት። ከ16,000 ከሚበልጡት ተፈናቃዮች ውስጥ በመጠለያና በመንገድ ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል።

ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን ስለ ደቡብ ካሮላይና ያሉት ነው። በዚያው በ1832፣ በመጋቢት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዳኛ ጆን ማርሻል አማካይነት የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ ወሰነ። (ጃክሰን «ማርሻል ወስኗል፤ ራሱ ያስፈጽመው» አሉ የሚባለው ከዓመታት በኋላ በሌላ ሰው የተጻፈ ስለሆነ አልጠቅሰውም፤ ያለ እሱም ነገሩ ግልጽ ነው።) ጆርጂያ ውሳኔውን ችላ ስትል ፕሬዚዳንቱ ጣታቸውን አላነሱም። ከወራት በኋላ ደቡብ ካሮላይና ቀረጥ አልከፍልም ስትል ግን ጦር የማዝመት ሥልጣን ከምክር ቤቱ ጠየቁ። የፌዴራል ሕግ የበላይነት ለጉምሩክ ሲሆን የተቀደሰ፣ ለቼሮኪ ሲሆን የማይታይ ከሆነ፣ ኅብረቱን ያዳኑ ሰው ብለን ስናወድሳቸው ግማሹን ታሪክ እያጠፋን ነው።

እዚሁ አቅራቢያችን ያለው ሄርሚቴጅ የተባለው እርሻቸውም አለ። በ1845 ሲሞቱ ወደ 150 የሚሆኑ ባሪያዎች ነበሯቸው። በ1804 ስላመለጠ ባሪያ ባሳተሙት የጋዜጣ ማስታወቂያ፣ ለያዘው ሰው ሃምሳ ዶላር፣ ከዚያም በላይ እስከ ሦስት መቶ ጅራፍ ድረስ ለሚገርፈው ለእያንዳንዱ መቶ ጅራፍ አሥር ዶላር ጭማሪ እንደሚከፍሉ ቃል ገብተዋል። ባሪያ ማሳደር የዘመኑ ልማድ ነበር እንበል፤ ለግርፋት ዋጋ ተምኖ በጋዜጣ ማውጣት ግን የሰውዬው የራሱ ምርጫ ነው።

የኢኮኖሚ መምህር፦
እኅቴ፣ ስለ ጆርጂያና ስለ ደቡብ ካሮላይና ያነሳሽው ንጽጽር መልስ የሚሻ ነው። ለመከላከል ያህል፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ግዛቶችን ቢጋፈጡ ጆርጂያ ከደቡብ ካሮላይና ጎን ትሰለፍ ነበር የሚል ስሌት ነበራቸው ይባላል፤ ይህ እንደ ፖለቲካ የሚያስኬድ ነው፤ እንደ ፍትሕ ግን አያስኬድም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ምስላቸውን ከገንዘብ ላይ ካነሳን ታሪክን መፋቅ አይሆንም ወይ?

የሕግ ሰው፦
አይሆንም። ከ1928 በፊት በሃያ ዶላር ኖት ላይ የነበሩት ግሮቨር ክሊቭላንድ ናቸው። ጃክሰን ሲተኩ ክሊቭላንድን ከታሪክ መጽሐፍ ያወጣቸው የለም። ጃክሰን ደግሞ የወረቀት ገንዘብን እስከ ስንብት ንግግራቸው ድረስ ሲያወግዙ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ኖቱ ላይ መውጣታቸውን ራሳቸው ቢያዩ የሚወዱት አይመስለኝም።

የኢኮኖሚ መምህር፦
ስለ ኖቱ እንግዲያው አልሟገትም፤ ተብማን ይውጡበት። በላፋየት አደባባይ ያለው ሐውልት ግን ከ1853 ጀምሮ የቆመ የክላርክ ሚልስ ሥራ ነውና፣ በቦታው ሆኖ የኒው ኤኮታው ውልና የ1832ቱ ፍርድ ከሥሩ ይጻፍበት እንጂ በገመድ ይጎተት በሚለው አልስማማም።

ከናሽቪል፦
ይጻፍበት ከተባለ፣ የቼሮኪ ሕዝብ መንግሥት ዛሬም በኦክላሆማ አለና የሚጻፈውን እነሱ ይጻፉት፤ በሁለቱም ፊደል።