ልጁ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ማን ይወስን?

አወያይ፦
በቀጥታ ወደ ጥያቄው ልግባ። አንድ ተማሪ በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወደቀ። ትንሽ ቆይቶ ተነሳ። «ደህና ነኝ» አለ። ጨዋታው እኩል ለእኩል ነው፣ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል፣ ልጁ ደግሞ የቡድኑ ዋና አጥቂ ነው። ይመለስ ወይስ ይቀመጥ? ለክርክር ያቀረብኩት ሐሳብ እንዲህ ይላል፦ «ጭንቅላቱን ተመትቶ ጉዳት የተጠረጠረበት ልጅ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። ውሳኔው የአሰልጣኙም የልጁም አይሁን። ይግባኝ የለም።» እኔ ሐሳቡን እደግፋለሁ፣ ከወዲሁ ልናገር። ገለልተኛ መስዬ መሐል መቆም አልወድም። ተቃዋሚዎች ሳትቆጠቡ ግቡ፤ ስድብ ብቻ አይኑር።

የስፖርት መምህር፦
ጣት የሚቀሰረው እኔ ላይ ስለሆነ እኔ ልጀምር። ልጆች ሲጫወቱ ይጋጫሉ። ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣ አቧራቸውን አራግፈው ይሮጣሉ። በጥርጣሬ ብቻ ይውጣ ከተባለ ማንን ነው የማላስወጣው? በቴስታ የተጋጨ ሁሉ ሊወጣ ነው? ደግሞ ልጆቹን ከማንም በላይ የማውቃቸው እኔ ነኝ። የትኛው ነካ ሲያደርጉት እንደሚንከባለል፣ የትኛው እግሩ ቢሰበር እንኳ ትንፍሽ እንደማይል አውቃለሁ። በስንት ዓመት ልፋት ያገኘሁትን እውቀት ወረቀት ላይ በተጻፈ ሕግ ልተካ አይገባም።

ነርስ፦
መምህር፣ ልጆቹን ማወቅዎን አልጠራጠርም። ግን ኮንከሽን፣ ማለትም የአንጎል መናወጥ፣ በዓይን አይታይም። ብዙ ሰው ልጁ ራሱን ካልሳተ ምንም አልሆነም ብሎ ያስባል። ኮንከሽን ከሚደርስባቸው ውስጥ ራሳቸውን የሚስቱት ከ10 አንዱ ያህል ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ቆመው ይሄዳሉ፣ ያወራሉ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መጥላት፣ መንገዳገድ፣ አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ፣ «ውጤቱ ስንት ነው?» ሲባል መፍዘዝ፣ እነዚህ ናቸው ምልክቶቹ። አንዳንዱ ምልክት የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ በማግስቱ የሚመጣም አለ። ታዲያ ሜዳ ጠርዝ ላይ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ምኑን አይተው ነው «ደህና ነው» የሚሉት? እኔም በዚያ ጊዜ ውስጥ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ሐኪምም አይችልም።

የቀድሞ በረኛ፦
ከተጫዋች ወገን እኔ ልናገር። ሕግ በጠበቀ ቁጥር ልጅ መደበቅ ይለምዳል። «አመመኝ» ማለት ከቡድን መውጣት ከሆነ ማን ይናገራል? እኔ በልጅነቴ ጣቴ ተጣሞ ጓንቴን ሳላወልቅ ጨዋታ ጨርሻለሁ። አሰልጣኜም አላወቀ፣ እናቴም አላወቀች። እናንተ የምትሉት ሕግ የሚይዘው የዋሁን ነው። ጩሉሌው ያመልጣል። በዚያ ላይ ሁሉን ነገር ስትከለክሉ ትምህርት ቤቱ ፈርቶ ስፖርቱን ራሱ ይተወዋል። ልጁ ቤት ቁጭ ብሎ ስልክ ላይ ማፍጠጡ ጉዳት የለውም እንዴ?

ጠበቃ፦
ወንድሜ፣ መደበቁ ከሕጉ በፊትም የነበረ ነው። ካናዳ ውስጥ በኦንታሪዮ ግዛት የሆነውን ልንገራችሁ። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ2013 ሮዋን ስትሪንገር የምትባል የ17 ዓመት የራግቢ ቡድን አምበል በጥቂት ቀናት ውስጥ ጭንቅላቷን ደጋግማ ተመታች። ራስ ምታት እንዳለባት ለጓደኞቿ በስልክ ጽፋላቸዋለች። ለወላጅም ለአሰልጣኝም ግን አልነገረችም። በመጨረሻው ጨዋታ ወደቀች፣ ሕይወቷም አለፈ። ግዛቱ በ2018 በስሟ ሕግ አወጣ።

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ደግሞ በ2006 አንድ የ13 ዓመት ልጅ ጭንቅላቱ ከመሬት ጋር ተጋጨ። ትንሽ አረፈና ተመልሶ ገባ። ጨዋታው ሲያልቅ ተዝለፈለፈ። በሕይወት ተረፈ፣ ግን ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉዳት ይዞ ነው። በ2009 ግዛቱ በስሙ የተጠራ ሕግ አጸደቀ፦ የተጠረጠረ ልጅ ወዲያው ይወጣል፣ የሚመለሰው የሠለጠነ የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ሲፈቅድ ነው። እስከ 2014 ድረስ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች የየራሳቸውን ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ሁለቱም ልጆች ጭንቅላታቸውን ከተመቱ በኋላ ተመልሰው የገቡ ናቸው። የትኛውም አሰልጣኝ ልጅ ለመጉዳት አስቦ አላስገባም። ያውም ሁሉም ልጆቻቸውን የሚያውቁ ነበሩ።

አወያይ፦
የበረኛው ነጥብ ግን ተዳፍኖ እንዳይቀር። ሕግ መደበቅን ያስተምራል ወይ?

ነርስ፦
ሊያስተምር ይችላል፣ መውጣት ቅጣት ከሆነ። ስለዚህ ቅጣቱን ማንሳት ነው። የእግር ኳስን ሕግ የሚያወጣው አካል፣ ኢፋብ፣ በ2021 ለኮንከሽን ብቻ የሚሆን ተጨማሪ ቅያሪ መሞከር ጀመረ። በ2024 ደግሞ ውድድሮች ከፈለጉ እንዲጠቀሙበት በሕጉ ውስጥ አስገባው። ቡድኑ ቅያሪ አይጎድልበትም፣ አሰልጣኙም አይጨናነቅም። ፕሮፌሽናሎች ይህን ካደረጉ የሰባተኛ ክፍል ውድድር ምን ይከለክለዋል? ሁለተኛ፣ ጓደኞቹን አስተምሯቸው። የሮዋን ጓደኞች መልእክቱ ደርሷቸው ነበር። ምን ማድረግ እንዳለባቸው የነገራቸው ሰው አልነበረም እንጂ።

እናት፦
እኔ ስለ ቅያሪ አላውቅም። የእኔ ልጅ ጉዳይ ቀላል ነበር። ከትምህርት ቤት መጥቶ ምሳውን እንኳ ሳይነካ ተኛ። ደክሞት ነው ብዬ ተውኩት። ማታ ሲያስመልሰው እህቱ «ዛሬ እኮ ከጎሉ ብረት ጋር ተጋጭቶ ነበር» አለችኝ። ከትምህርት ቤቱ ማንም አልደወለም። ልጁ አሁን ደህና ነው፣ ተመስገን። እኔ ግን እስካሁን የሚያንገበግበኝ አለመንገራቸው ነው። ይወሰን የምትሉት ሁሉ ይወሰን፤ ከሁሉ በፊት ለወላጅ ይነገር።

ርዕሰ መምህርት፦
እህቴ፣ ይገባኛል። ግን ከጠረጴዛው ወዲህ ሆኜም ልናገር። ለእያንዳንዱ ጭረት ከደወልኩ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነኝ። በጥድፊያ «ልጅዎ ተጎድቷል» ስላልናቸው ሥራቸውን ጥለው፣ በመንገድ እየተጣደፉ የመጡ ወላጆች አሉ። ሲደርሱ ልጁ ኳስ እያንከባለለ አገኙት። ስለዚህ መጀመሪያ አረጋግጠን፣ ከዚያ እንደውላለን። ሌላም አለ። ቶሎ ብዬ «ይቅርታ» ካልኩ ነገ ፍርድ ቤት «ጥፋቱን አምናለች» ይባላል። እንዲያውም እንዲህ ብለው የመከሩኝ አሉ፦ ዝም በይ።

እናት፦
ጭረት ለብቻ ነው፣ ጭንቅላት ለብቻ ነው እኮ! ጉልበቱ ተላላጠ ብላችሁ ደውሉልኝ አላልኩም። ጭንቅላት፣ ዓይን፣ አንገት፣ ደረት፣ የማይቆም ደም፣ መቆም ያቃተው እግር። ለነዚህ «እስክናረጋግጥ» የሚባል ነገር የለም። «ወድቋል፣ አብረነው ነን፣ የምናየው ይሄን ነው፣ ይምጡ» በሉኝ። የቀረውን እኔ እችለዋለሁ።

ጠበቃ፦
«ዝም በይ» ያለሽ ሰው ፍርሃትሽን ነው ያባባሰው። በእንግሊዝና ዌልስ የ2006 የካሳ ሕግ ይቅርታ መጠየቅ ወይም ሕክምና ላድርግ ማለት በራሱ ጥፋትን ማመን እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። በካናዳም ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በዚያው ዓመት የይቅርታ ሕግ አውጥታለች። በየሀገሩ ሕጉ ይለያያል፣ የራስሽን አጣሪ። ግን ሕግ አውጪዎቹ ይህን የጻፉበት ምክንያት አለ። ዝምታ ወላጅን ያቆስላል፣ የቆሰለ ወላጅ ደግሞ ጠበቃ ይፈልጋል። እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ ገንዘብ ፈልገው አይመጡም፣ የሆነውን ሊነግራቸው የፈቀደ ሰው ስላጡ ነው የሚመጡት።

ያቺን የፈቃድ ወረቀትም እዚሁ ላንሳት። ዓመቱ ሲጀምር ወላጅ የሚፈርምባት፣ «ለሚደርሰው ጉዳት ትምህርት ቤቱ ተጠያቂ አይደለም» የምትል። በእንግሊዝ በ1977 ከወጣው ሕግ ወዲህ በቸልተኝነት ለሚመጣ ሞት ወይም የአካል ጉዳት ኃላፊነትን በጽሑፍ ማራገፍ አይቻልም። በሌሎችም አገሮች ተመሳሳይ ድንጋጌ አለ። ወረቀቷ ስፖርት አደጋ እንዳለው ማወቃችሁን ታሳያለች። ያልታሰረ የጎል ብረት ልጅ ላይ ቢወድቅ ግን አታድንም።

የስፖርት መምህር፦
የጎል ብረት ካነሳችሁማ እኔም የምለው አለኝ። ተንቀሳቃሽ ጎሎች ከመሬት ጋር ይታሰሩ ብዬ ጠይቄ ታክቶኛል። በጀት ሲባል ስፖርት ሁሌም መጨረሻ ነው። ጉዳት ሲደርስ ግን መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቶች ምን ያድርጉ ስትሉ መምህሩን ብቻ አትዩ።

ነርስ፦
በዚህ እስማማለሁ። ጭንቅላት ላይ ቆይተናል፣ ከዚያ የሚፈጥን ነገር ስላለ ላንሳው። ልብ። ልጅ ሲሮጥ ቆይቶ ማንም ሳይነካው ከወደቀ፣ ወይም ደረቱን በኳስ ተመትቶ ከተዘረረ፣ የሚቆጠረው ደቂቃ ነው። የልብ ማስነሻ መሣሪያው፣ ዲፊብሪሌተሩ፣ በዘገየ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል።

ጃፓን ውስጥ በሳይታማ ከተማ በ2011 አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከሩጫ ልምምድ በኋላ ወደቀች። ትምህርት ቤቱ መሣሪያው ነበረው። መምህራኑ ግን የምትተነፍስ መሰላቸው፣ አልተጠቀሙበትም። ልብ ሲቆም ሰው አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ወይም እንደ መቃተት ያለ ድምፅ ያወጣል። ያ ትንፋሽ አይደለም። ልጅቷ በማግስቱ አረፈች። ከዚያ ወላጆቿና የከተማው ትምህርት ቦርድ አብረው ቁጭ ብለው ለመምህራን የሚሆን መመሪያ አዘጋጁ፤ «የአሱካ ሞዴል» ይባላል፣ በስሟ። ዋናው ነጥቡ ይሄ ነው፦ ትንፋሹን ከተጠራጠርክ ቆሟል ብለህ ጀምር። ደረቱን ተጫን፣ መሣሪያውን አምጣ። ልቡ መደበኛ ከሆነ ማሽኑ ራሱ አያነዝርም።

ደግሞ መሣሪያው የት ነው ያለው? ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ ከሆነ፣ ቁልፉም ከሰዓት በኋላ ቤቱ ከሚሄድ ሰው ጋር ከሆነ፣ የለም ማለት ነው። ውድድር የሚደረገው ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ነዋ!

የቀድሞ በረኛ፦
ይሄን ማንም አይቃወምም። ግን ሲስተር፣ ለተሰበረና ለወለም ላለ እግር እኮ አሰልጣኝ ይበቃል። በረዶ፣ ፋሻ፣ አለቀ።

ነርስ፦
ወለም ያለው አዋቂ ቢሆን ልስማማ እችል ነበር። ልጅ ግን ገና እያደገ ነው። አጥንቱ ጫፍ አካባቢ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ፣ እሱ ከጅማቱ ይልቅ ደካማ ነው። ስለዚህ አዋቂ ወለም በሚለው ቦታ ልጅ ማደጊያውን ሊሰብር ይችላል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም እብጠት ነው። አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ወይም አጥንቱ ራሱ ሲነካ ካመመው ራጅ ይነሳ። የተጣመመ ነገር አትጎትቱ፣ አትሹ፣ እንዳለ ደግፉት። ከአፍ የወለቀ ቋሚ ጥርስም አይጣል። ሥሩን ሳትነኩ ወደ ቦታው መልሱት፣ ካልሆነ ወተት ውስጥ ከታችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥርስ ሐኪም ጋ ሩጡ። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም። ይሄን የሚያውቅ ትምህርት ቤት አላጋጠመኝም፣ ይቅር በሉኝ።

ርዕሰ መምህርት፦
እሺ፣ ሕክምናውንስ ማን ይክፈል? ሁሌ የምንጣላው እዚያ ላይ ነው።

ጠበቃ፦
ጥፋተኛ ፍለጋውን ከክፍያው መለየት ይቻላል። ኒውዚላንድ ከ1974 ጀምሮ አደጋ ለደረሰበት ሁሉ ጥፋተኛ ሳይፈለግ ወጪ ይሸፈናል። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ወላጅና የትምህርት ቤቱ ባለቤት በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ የሚያዋጡበት የትምህርት ቤት አደጋ መረዳጃ አለ። ገንዘቡ ከተነጠለ ስለ ጥፋቱ በእውነት መነጋገር ይቀላል።

የስፖርት መምህር፦
ወደ ሐሳቡ ልመለስ። ልቀበለው እችላለሁ፣ ግን እንዳለ አይደለም። ጥርጣሬ ካለ ይውጣ፣ በዚያ ቀን አይመለስ፣ እሺ። ያስወጣሁት ልጅ ግን ለስንት ጊዜ ነው ከእጄ የሚወጣው? ወር ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው የሚመልሱልኝ ወላጆች አሉ።

ነርስ፦
ያ የድሮ ነው። አሁን ባለሙያዎች የሚስማሙበት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ረጋ ማለት፣ ስልክና ቴሌቪዥንም መቀነስ፣ ከዚያ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ መጀመር ነው። ወደ ስፖርት የሚመለሰው በ6 ደረጃ ነው፣ በየደረጃው ቢያንስ አንድ ቀን። ሌላ ሰው የሚገፋበት ልምምድ ከመጀመሩ በፊት የሐኪም ፈቃድ ያስፈልጋል። ደግሞ መጀመሪያ ወደ ክፍል ይመለስ፣ ኳሱ በኋላ። ሒሳብ ሲሠራ ራሱን የሚያመውን ልጅ ሜዳ ላይ ምን ታደርገዋለህ? ይቅርታ መምህር፣ ታደርገዋለህ ስል እርስዎን ማለቴ አይደለም።

የስፖርት መምህር፦
ግድ የለም ሲስተር። እንግዲያው ቅድመ ሁኔታዬ ይሄ ነው። በጽሑፍ ይሁን፣ ርዕሰ መምህሯ ትፈርምበት። ዋናውን አጥቂ አስወጥቼ ዋንጫው ቢያመልጠን በማግስቱ ስብሰባ ላይ «ለምን?» የሚል እንዳይኖር። ሜዳ ጠርዝ ላይ ደግሞ ውጤቱ የማይመለከተው አንድ ሰው ይቁም። እኔ ያኔ ጨዋታ እየመራሁ ነው፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው።

ርዕሰ መምህርት፦
እፈርማለሁ። ጠርዝ ላይ የሚቆም ሰውም ከመምህራኑ በተራ እመድባለሁ፣ ሲስተር ካሠለጠነቻቸው። ግን የእኛ ልጅ ሲወጣ የተጋጣሚው ልጅ እየደማ ቢቀጥልስ? ሕጉ ለውድድሩ በሙሉ ካልሆነ ነገ መምህራኖቼ «እኛ ብቻ ነን የምንሸነፈው» ይሉኛል።

አወያይ፦
እንግዲያው ሐሳቡን ወደ ውድድሩ አዘጋጆች እናሸጋግረው። በዚህ ቅርጹ የሚቃወም አለ?

የቀድሞ በረኛ፦
አለ። ተጨማሪው ቅያሪ ውስጡ ካልተጻፈ እኔ እጄን አላነሳም።