ከጎዳና የተነሣች ውሻ ለጊዜው በቤት ማቆየት፦ አከራይና ልጅ ባሉበት ግቢ ይቻላልን?

ጥያቄ፦ የጉለሌ ተከራይ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጉለሌ አካባቢ፣ ከአከራያችንና ከአንድ ሌላ ቤተሰብ ጋር በምንጋራው ግቢ ውስጥ ነው። የጎዳና ውሾችን እያነሣች የምታሳክም አንዲት ወዳጄ፣ መኪና ገጭቷት የኋላ እግሯ ተሰብሮ የዳነችና ገና ዓመት ያልሞላት ውሻ ቋሚ ባለቤት እስኪገኝላት ድረስ በአደራ እንዳቆይላት ጠይቃኛለች። ውሻዋ አትናከስም፤ ነገር ግን ሰው እጁን ባነሣ ቁጥር መሬት ላይ ትለጠፋለች፣ የቆርቆሮው በር ሲንኳኳም ያገኘችው ነገር ሥር ትወሸቃለች ተብያለሁ።

ልጄ 7 ዓመቷ ነው፤ የውሻዋን ፎቶ በስልክ ካየች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ባለቤቴ ባይቃወምም «ለሁለት ወር ብለሽ ያስገባሻት በዚያው ትቀራለች» ይላል። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከዚያ ቀጥሎ፣ በረንዳቸው ላይ የሚሰግዱት አረጋዊት አከራያችን ስጠይቃቸው «እናንተ ካላችሁ እኔ ምን እላለሁ» ከማለት በቀር ፈቃዳቸውን በግልጽ አለመናገራቸው ነው። ምግቡስ? በጾም ወራት ቤታችን ሥጋ አይገባም። በዚህ ያለፋችሁ ሰዎች ምክራችሁን ብትለግሱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የኮተቤዋ አሳዳሪ

እህቴ፣ እንዲህ ያሉ ውሾችን እየተቀበልኩ ለሌላ ሰው ሳስረክብ ዓመታት አልፈዋልና በቅድሚያ ስለ ፍርሃቷ ልንገርዎት። በመጣችበት ቀን የቤቱ ሰው ሁሉ ሊያያትና ሊዳስሳት ይፈልጋል፤ የሚጎዳትም ይኸው ነው። ሰው የማይመላለስበት ጥግ፣ አሮጌ ብርድ ልብስና ውኃ ይስጧትና ይተዋት። በአሳዳሪዎች ዘንድ የተለመደ አንድ ግምት አለ፦ ድንጋጤው እስኪበርድላት 3 ቀን፣ የቤቱን ሥርዓት እስክትለምድ 3 ሳምንት፣ ቤቱን እንደ ራሷ እስክትቆጥር 3 ወር ይባላል። ግምት እንጂ ሕግ አይደለም፤ በድንጋይ እየተባረረች ያደገች ውሻ ከዚህም ልታልፍ ትችላለች። ልጅዎ ከላይ ጎንበስ ብላ የውሻዋን ራስ እንዳትዳስስ፣ ስትበላና ስትተኛም እንዳትጠጋት ያስጠንቅቋት። ይልቁንም ጀርባዋን ሰጥታት መሬት ላይ ትቀመጥና የትምህርት ቤት መጽሐፏን ድምፅ አውጥታ ታንብብ፤ ውሻዋም የልጅቷን ድምፅ ያለ ስጋት ትለምዳለች።

ደስታው የት ላይ ነው ቢሉኝ፣ የምግብ ሳሕኑ ዘንድ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የምትበላው እርስዎ ዞር ሲሉላት ብቻ ነው። ቀጥሎ ዐይኗን ከእርስዎ ላይ ሳትነቅል አንድ ጉርሻ ታነሣና ወደ ጥጓ ይዛ ትሮጣለች። ከዚያ አንድ ቀን እዚያው እግርዎ ሥር ቆማ ትበላለች፤ ከሆዷ ሥር ተሸጉጦ የኖረው ጅራትም ወጥቶ ጫፉ ብቻ ይወዛወዛል። እኔ ይህን ለማየት ስል ቁንጫውንም፣ የታኘከውን ጫማም ችያለሁ።

ወጥ የነካው እንጀራ ግን አይስጧት። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ከሥጋ ቤት በርካሽ የሚገኘውን ሳንባና ቁርጥራጭ በደንብ ቀቅሎ ከሩዝ ወይም ከድንች ጋር መስጠት ይሻላል። የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠረ አንጀት ስለሚወጋ አይሞክሩት። በጾም ወራት እኛ ቤት የሚደረገው፣ ለእሷ የተለየ አሮጌ ድስት ከሰል ላይ ጥዶ ውጭ መቀቀል ነው፤ የቤቱ ዕቃ አይነካካም፣ ውሻዋም ጿሚ አትሆንም።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም ከቢሾፍቱ

የጠያቂዋ ስጋት ተገቢ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በሰውም በእንስሳም ላይ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ገዳይ ነው። ቫይረሱም ከሳምንታት እስከ ወራት ምልክት ሳያሳይ በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ከጎዳና የተነሣች ውሻ ዛሬ ጤነኛ መምሰሏ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ወዳጅዎን የክትባት ደብተሯን ይጠይቁ፤ ቀኑና የሐኪሙ ማኅተም ያለበት መሆኑንም ያረጋግጡ። ክትባቱ ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ የሚሰጥ ሲሆን፣ የመጀመሪያው መርፌ በቂ መከላከያ እስኪያዳብር 4 ሳምንት ገደማ ስለሚፈልግ፣ እስከዚያ ድረስ ልጅዎ ከውሻዋ ጋር ብቻዋን ባትሆን ይመረጣል።

ብትነክስ ወይም ብትቧጭርስ? ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የባህል መድኃኒት አዋቂ ዘንድ የሚባክነው ቀን ሕይወት እንደሚያስከፍል ደጋግመን አይተናል። ውሻዋንም በንዴት መግደል አይገባም፤ ታስራ ለ10 ቀን ክትትል ይደረግላት፤ በነከሰችበት ጊዜ ቫይረሱ በምራቋ ውስጥ ከነበረ ምልክቱ በዚሁ ጊዜ ውስጥ ይገለጣል። የተነከሰው ሰው ግን ሕክምናውን ለመጀመር የ10 ቀኑን ውጤት መጠበቅ የለበትም።

ሰዎች የሚዘነጉት ሌላም ጉዳይ አለ። በዓል ሲመጣ በግ በየግቢው ይታረዳል፤ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባም «ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ይጣላል። ውሻዋ ያንን ጥሬውን ከበላች በአንጀቷ ውስጥ ትል ይፈጠራል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሯ ጋር ይወጣል፣ እጇን ሳትታጠብ የበላች ልጅም ያው የውኃ ቋት በራሷ ጉበት ላይ ሊያድግባት ይችላል። እንዲህ ያለው ሥጋ በጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ውሻዋም የትል መድኃኒት በየጊዜው ትውሰድ። ከማስረከብዎ በፊት ደግሞ ብትመክን መልካም ነው፤ አንዲት ውሻ የምታረግዘው ለ63 ቀናት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ያለ ማምከን የተሰጠች ውሻ ዓመት ሳይሞላ ከቡችሎቿ ጋር ጎዳና ላይ ልትገኝ ትችላለች።

መልስ፦ የአብነት ሰፈር ሰው

ከላይ የተባለው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ነገሩ ከአከራይዋ ይጀምራል ባይ ነኝ። እናታችን የመለሱልዎት ይሉኝታ ይዟቸው ነው፤ ይህን ፈቃድ ብሎ መውሰድ ደግሞ ነውር ነው። ከእስልምና የሕግ ትምህርቶች አንዱ በሆነው በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ የላሰው ዕቃ 7 ጊዜ፣ ከእነዚህም አንዱን ጊዜ በአፈር፣ መታጠብ አለበት። እንግዲህ የሚያሳስባቸው የውሻዋ መኖር ሳይሆን ከስግደት በፊት የሚታጠቡበት የውዱእ ውኃቸው፣ የመስገጃ ምንጣፋቸውና የሚያልፉበት መንገድ መሆኑን ይረዱላቸው። ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውኃ ቀድቶ ስላጠጣውና ምሕረት ስላገኘው ሰው የሚናገረውን ሐዲስ እርሳቸውም ያውቁታልና በእዝነት አይታሙም። ቡና አፍልተው አጠገባቸው ይቀመጡና «በየት በኩል ባትመጣብዎ ይወዳሉ?» ብለው ይጠይቋቸው፤ በመካከል ዝቅተኛ አጥር ይሥሩ፣ የቧንቧውንም አካባቢ ይከልክሏት። በዚህ ካልተስማሙ ውሻዋ ሌላ ቤት ብትፈለግላት ይሻላል፤ የሰው ቤት ሰላም አናግቶ የሚሠራ ጽድቅ አይታየኝም።

ደግሞ ጉለሌ እንጦጦ ሥር ነው፤ ሌሊት ጅብ ሲወርድ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮኻል፣ የእርስዎም ትጨመርበታለች። ማታ ማታ ቤት ውስጥ ብታድር ለእሷም ለጎረቤትም ይበጃል።

መልስ፦ ከቨርጂኒያ

እኔ በምኖርበት በአሜሪካ ይህን ሥራ የምንሠራው በመጠለያዎች በኩል ነው፤ ሕክምናውንና ብዙ ጊዜም ምግቡን መጠለያው ይችላል፣ የእኛ ድርሻ ቤትና ጊዜ መስጠት ነው። እርስዎ ጋር ይህ ሁሉ በአንዲት ወዳጅዎ ጫንቃ ላይ ስላለ፣ የሐኪሙን ወጪ ማን እንደሚከፍል፣ ቋሚ ወሳጅ ቢጠፋ ውሻዋ ወዴት እንደምትሄድ፣ የሚመጣውን ሰውስ ማን እንደሚመረምር አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ወዳጅነትን የሚያሻክረው ያልተነገረ ነገር ነው።

ባለቤትዎ ያሉት እዚህም የተለመደ ነው፤ ብዙ አሳዳሪ ውሻዋን መስጠት ያቅተውና ያስቀራታል። ማስቀረቱ ክፉ ባይሆንም፣ ቀጣይዋ የተጎዳች ውሻ የምታርፍበት ቤት በዚያው ይዘጋል። ልጅዎ ገና ከመጀመሪያው ቀን «የእኛ ናት» እንዳትል ያድርጉ፤ የምትወደውን ምግብ፣ የምትፈራውን ድምፅ፣ ሲጠሯት የምትመጣበትን ስም በደብተር እየጻፈች ለአዲሱ ቤተሰብ እንድታስረክብ ኃላፊነት ይስጧት። በርክክቡ ዕለት ታለቅሳለች፤ እኔም እስካሁን አለቅሳለሁና አይደንግጡ።

የጠያቂዋ ምላሽ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወዳጄን ደውዬ ጠየቅኋት፤ የእብድ ውሻ ክትባቱ የተሰጣት ገና ባለፈው ሳምንት ነው። በመሆኑም ለጊዜው እዚያው እንድትቆይና እኔ በሳምንቱ መጨረሻ እየሄድኩ እንድትለምደኝ ተስማምተናል። አከራያችንንም አነጋገርኳቸው፤ ቧንቧውና በረንዳው እንዲታጠር ጠይቀው፣ አጥሩን ልጃቸው እንደሚሠራ ነገሩኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ማምከኑ አሁን ይሁን ወይስ እኔ ጋ ከመጣች በኋላ?

የእንስሳት ሐኪሙ፦

እግሯ በደንብ ድኖ ክብደቷም ተመልሶ ከሆነ፣ ወደ እርስዎ ከመምጣቷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሆን እመርጣለሁ። የስፌቱን ሕመም ከእርስዎ ቤት ጋር አታያይዘውም፤ ቁስሉም ሽሮ ትገባለች። ወንድ በምትፈልግበት ወቅት ላይ ከሆነች ግን የደም መፍሰስ ስለሚበዛ፣ ሐኪሙ ጊዜውን ያራዝመው።