የግል ፎቶዎቼን ያለ ፈቃዴ በተነብኝ፤ ካሳ ልጠይቅ ብል ያዋጣኛል?

ስሜ ይቆይ (ጠያቂ)

ሰላም እህት ወንድሞች። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ በአጭሩ ልጻፈው። ከአንድ ሰው ጋር ለትዳር አስበን ነበር፤ ተለያየን። «ካልተመለስሽ ፎቶሽን እለቀዋለሁ» እያለ ሲያስፈራራኝ ከረመ። ባለፈው ወር እውነትም ለቀቀው። ለእሱ ብቻ የላክኋቸውን ፎቶዎች አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ አወጣ፤ ለሥራ ባልደረቦቼም በግል ላከ። ሥራዬን ለቀቅሁ። ማንም «ውጪ» አላለኝም፤ ግን በየት በኩል ልቀመጥ?

ሁሉም ሰው «ፖሊስ ጋ ሂጂ» ይለኛል። እሄዳለሁ። እኔ ማወቅ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። እሱ ቢታሰር የእኔ የቤት ኪራይ አይከፈልም። ለደረሰብኝ ኪሳራ ካሳ ማስከፈል ይቻላል? የወንጀሉ ክስ እስኪያልቅ መጠበቅ አለብኝ? ፎቶውን ራሴ መላኬስ ክሴን ያበላሽብኛል? የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ በእጄ የለም።

ጠበቃው ከሜክሲኮ

እህቴ፣ አይዞሽ። መክሰስ ትችያለሽ። የወንጀሉን ፍርድ መጠበቅም ግዴታ አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቴሌግራምን አያውቅም፤ ፎቶን ግን ያውቃል። አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ያስቀመጣቸው ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ የባለሥልጣን ፎቶ፣ ሕዝባዊ በዓል ላይ የተነሳ ፎቶ የመሳሰሉት። ያንቺን ጉዳይ አይነኩትም። አንቀጽ 29 ደግሞ መፍትሔው ነው። ማሳየቱ እንዲቆም መጠየቅ ትችያለሽ። ሰውየው ከፎቶው ገንዘብ አግኝቶ ከሆነ ያገኘውን ያህል እንዲከፍልሽ ፍርድ ቤቱ ሊወስን ይችላል። አቁም ተብሎ ወዲያው ካላቆመ ደግሞ የህሊና ጉዳት ካሳ ይከተላል።

የመጨረሻዋን ነጥብ ልብ በያት። «አቁም» ማለትሽ በማስረጃ መታየት አለበት። ስለዚህ ከክሱ በፊት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይድረሰው። ፎቶዎቹን እንዲያነሳ፣ ቅጂዎቹን እንዲያጠፋ፣ ለማንም እንዳይልክ፤ ይኸው ነው። ስድብ አይግባበት። «ገንዘብ ካልከፈልክ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ» የሚል ነገርም አይግባበት፤ ነገ በአንቺው ላይ ያዞረዋል።

ከዚህ በተጨማሪ ከውል ውጪ ኃላፊነት የሚባለው ክፍል አለ። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ይክሳል ይላል። ዋናው ክስሽ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርሽ። አንቀጽ 2116 ለህሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አድርጎበታል። በዚያ ዘመን 1000 ብር ብር ነበር። ዛሬ ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ሰው «ለሞራሌ 2 ሚሊዮን» ብሎ ክስ ይጽፋል፣ የዳኝነት ክፍያውን በዚያው ልክ ይከፍላል፣ በመጨረሻ ከጣሪያው ጋር ይላተማል።

ነጭ ሽንኩርት

1000 ብር?! ፍርድ ቤት ለመመላለሻ ታክሲ እንኳ አይበቃም እኮ። እህቴ ተይው በቃ። ሰው ይረሳል። ክስ ስትመሠርቺ ያላየው ሁሉ ሊያይ ነው።

እቴቴ

ነጭ ሽንኩርት፣ አንተ ደግሞ «ተይው» ማለት ቀላል ነው። ልጅቷ ሥራዋን ያህል ነገር አጥታ ነው የመጣችው። ልጄ፣ አትስሚው። የሚያፍረው እሱ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ብቻሽን ነው የምትኖሪው? አጠገብሽ ሰው ይኑር እስቲ። ክሱ ይደርሳል።

ጠበቃው ከሜክሲኮ

የነጭ ሽንኩርት ንዴት ይገባኛል፤ ጣሪያው አሳፋሪ ነው። ነገር ግን ጣሪያው የህሊና ጉዳትን ብቻ ነው የሚመለከተው። በገንዘብ የሚሰላ ጉዳት ጣሪያ የለውም። አንቀጽ 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ እርግጥ የሆነውንም ይጨምራል።

ስለዚህ ክስሽን ከስሜት ወደ ደረሰኝ አምጪው። የቀረ ደመወዝ። ለሕክምናና ለሥነ ልቦና ምክር የወጣ ገንዘብ። ቤት ለመቀየር ከተገደድሽ የዚያ ወጪ። ሁሉም ሰነድ ይፈልጋል። መጠኑን በትክክል ማረጋገጥ ያልተቻለውን ዳኞች በርትዕ (ሚዛናዊ ነው ባሉት ግምት) እንዲወስኑት አንቀጽ 2102 ይፈቅዳል። ይህ ግን ጉዳቱን ጭራሽ ላላስረዳ ሰው አይሠራም፤ መጠኑ ብቻ ላስቸገረ ነው።

አንቺ ላይ የሚከብደው የሥራው ጉዳይ ነው። በራስሽ ፈቃድ ነው የለቀቅሽው ይሉሻል። የመልቀቂያ ደብዳቤሽ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?

ስሜ ይቆይ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤው ላይ «በግል ምክንያት» ነው ያልኩት። ግን አለቃዬ በዚያው ሳምንት «ነገሩ እስኪበርድ ቤት ብትሆኚ ይሻላል» ብላ ጽፋልኛለች። እሱ አለኝ። ሁለት ባልደረቦቼም ፎቶው እንደደረሳቸው እንመሰክራለን ብለዋል።

ጠበቃው ከሜክሲኮ

የአለቃሽ መልእክት ከደብዳቤው ይበልጣል፤ አደራ እንዳይጠፋ። ፎቶው ለባልደረቦችሽ የደረሰበት ቀን፣ የአለቃሽ መልእክት፣ መልቀቂያሽ፤ ሦስቱ ተከታትለው ከመጡ ዳኛው ምክንያትና ውጤቱን ያያል።

ራሴ ላክሁት ላልሽው፣ ለእሱ እንዲያየው ፈቅደሽ ይሆናል፤ ሕጉ የሚጠይቀው ግን ለሕዝብ ለማሳየት ፈቅደሽ እንደሆነ ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። የእሱ ጠበቃ በአንቀጽ 2098 «ተበዳይዋም ጥፋት ስላላት ካሳው ይቀነስ» ማለቱ አይቀርም። መልሱ አጭር ነው፤ ጉዳቱን ያመጣው መላክሽ ሳይሆን መበተኑ ነው።

ቻርጀር

ሕጉን ለጋሼ ትቼ ስለ ማስረጃ ልጻፍ። ይሄ ዛሬውኑ የሚሠራ ነው።

ቴሌግራም ላይ ያ ሰው ከፈለገ የሁለታችሁን ቻት ከአንቺም ስልክ ጭምር ማጥፋት ይችላል። ማስጠንቀቂያው ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህን ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ከመላክሽ በፊት ቻቱን ኤክስፖርት አድርጊ (ሙሉ ቅጂውን በፋይል አውጪ)። በኮምፒውተር ላይ በሚጫነው ቴሌግራም ይቻላል። ሲክሬት ቻት ከነበረ ግን ኤክስፖርት አይሆንም፤ በሌላ ስልክ ካሜራ ቅረጪው።

ስክሪንሾት ብቻውን ደካማ ነው፤ «ተሠርቶበታል» ይባላል። ከፕሮፋይሉ ተነስተሽ እስከ ማስፈራሪያው ድረስ እያሳለፍሽ ስክሪን ሪከርድ አድርጊ። የቻናሉን ሊንክ፣ የፖስቱን ሊንክ፣ ቀንና ሰዓቱን ጻፊ። ዩዘርኔም ይቀየራል፤ ከጀርባ ያለው የአካውንት መለያ ቁጥር ግን አይቀየርም። እሱን መያዝ ወሳኝ ነው። ለባልደረቦችሽም ንገሪያቸው፤ የደረሳቸውን መልእክት አይሰርዙ፣ ለማንም ግን ፎርዋርድ አያድርጉ።

ፎቶው ወደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም ወይም ቲክቶክ እንዳይሻገር ደግሞ «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶውን አትልኪላቸውም። ስልክሽ ላይ እያለ የዲጂታል አሻራውን ብቻ ያወጣና ለተሳታፊ ድርጅቶች ይሰጣል፤ የሚመሳሰል ፎቶ ሲጫን እንዲለዩት። ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ነው። ጎግል ፍለጋ ላይ ከወጣም ለራሱ ለጎግል የማስወገጃ ጥያቄ ይቀርባል። ቻናሉን ራሱ ቴሌግራም ላይ ሪፖርት አድርጊ፤ ግን ማስረጃውን ከያዝሽ በኋላ ይሁን። ብዙ ሰው ተቃራኒውን አድርጎ ባዶ እጁን ይቀራል።

ጨው ለራስህ

እኔ የሽምግልና ሰው ነኝ። ቤተሰቦቹ የተከበሩ ከሆኑ ለምን በሽማግሌ አይጨርሱትም? ፍርድ ቤት ጊዜ ይበላል፤ 1000 ብር ጣሪያም ሽማግሌ ጋ የለም።

ሰሚራ

ሽማግሌ ሲባል «በቃ ይቅር በይው፣ ጉልበት ስሞሻል» ተብሎ ነው የሚያልቀው። ፎቶው ስልኩ ላይ ይቀራል፣ ሴትዮዋ ትስቃለች ተብሎ ይታሰባል። ይቅርታ ጨው ለራስህ፣ ግን ስንት ጊዜ አየነው።

ጠበቃው ከሜክሲኮ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እርቅ በቃል ከሆነ ሰሚራ ያለችው ነው የሚሆነው። በጽሑፍና በምስክር ፊት ከተደረገ ግን ካሳውን በስምምነት መቁረጥ ይቻላል። ስምምነቱ ውስጥ ቢገባ ከሁሉ የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ፤ ፎቶዎቹ ከእሱ እጅ እንደገና ቢወጡ ይህን ያህል ብር ይከፍላል ብሎ አስቀድሞ መወሰን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1889 ይፈቀዳል። ያኔ ጉዳትሽን ከዜሮ ጀምረሽ ማስረዳት አይኖርብሽም፤ ውሉን መጣሱን ማሳየት ይበቃል።

ነገር ግን ሽምግልናው ሲጓተት ቀኑ እንዳያልፍብሽ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አንቀጽ 13 ሁለቱንም ይይዛል፤ እለቃለሁ ብሎ ማስፈራራቱንም፣ ስም የሚያጠፋ ምስል ማሰራጨቱንም። ማሰራጨቱ በተበዳይ አቤቱታ ነው የሚያስከስሰው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 213 ደግሞ አቤቱታ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቅሽበት ቀን አንስቶ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። አንቺ ገና ጊዜ አለሽ፤ አትዘግዪ። የካሳው ክስ ይርጋ (መክሰሻ የጊዜ ገደብ) ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143። ወንጀል ሲሆን ሊረዝም የሚችልበት መንገድ አለ፤ አንቺ ግን 2 ዓመት ብለሽ ያዢው።

ሰሚራ

ጋሼ፣ ካሳውን ከወንጀሉ ጋር አብሮ መጠየቅ ይቻላል የሚባለውስ?

ጠበቃው ከሜክሲኮ

ይቻላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ነው። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርት፣ ችሎቱ ሲከፈት፣ ተበዳይ በጽሑፍ የካሳ ጥያቄ ታቀርባለች። ጥቅሙ ማስረጃው አንድ ጊዜ መሰማቱ ነው። ግን ነገሩን የሚያወሳስብ ወይም የሚያዘገይ ከመሰለው፣ ወይም ተከሳሹ በሌለበት የሚታይ ከሆነ ፍርድ ቤቱ አይቀበለውም፤ ወደ ፍትሐ ብሔር ሂጂ ይልሻል። የደመወዝ ስሌት ያለበት ክስ ለብቻው ቢቀርብ እመርጣለሁ። በወንጀሉ ነፃ ቢወጣ እንኳ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 መሠረት የካሳ ዳኛውን ያ ውሳኔ አያስረውም።

ከክሱ ጋር አብረሽ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ጊዜያዊ እግድ ጠይቂ። ቁጥሩ ተመሳሰለ እንጂ ሕጉ ሌላ ነው። ፎቶውን ተቀብለው ያሰራጩም ካሉ አብረሽ ክሰሻቸው። በአንድ ጉዳት ላይ የተባበሩ ሰዎች በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ፤ ማለትም ከእያንዳንዳቸው ሙሉውን ካሳ መጠየቅ ይቻላል። የሚከፍል አቅም ያለው ከመካከላቸው ይገኛል።

ቻርጀር

ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅ። ፎቶውን ራሷ በስልኳ ካነሳችው የቅጂ መብቱ የእሷ አይደለም እንዴ? አዋጅ 410/1996 ላይ የሞራል ካሳ ከ100,000 ብር አያንስም የሚል አንብቤ ነበር።

ጠበቃው ከሜክሲኮ

ቻርጀር፣ አንተ ሕግ መማር ነበረብህ። አንቀጽ 34 ላይ ነው፤ በአንዱ ሕግ ከ1000 አይበልጥም፣ በሌላው ከ100,000 አያንስም። የሕጋችን ጉድ! በአማራጭ ክስ መልክ መሞከሩ አይከፋም። ነገር ግን ሥራው ወጥ (የራሷ ፈጠራ) መሆኑን ማሳየት አለባት፤ ተራ ሰልፊ ያንን ያሟላል ወይ ብሎ ተከሳሹ መሟገቱ አይቀርም። ፎቶውን ያነሳው እሱ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ጭራሽ ዝግ ነው። ክሷን በሙሉ እዚህ ላይ እንዳትሰቅል።

እቴቴ

ገንዘብ የለኝም ላለችው መልስ ሳትሰጧት ቁጥር አበዛችሁባት። ልጄ፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጋ ሂጂ። ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ አለው።

ጠበቃው ከሜክሲኮ

እውነትዎን ነው እቴቴ። የዳኝነት ክፍያውንም መክፈል ካልቻልሽ በደሃ ደንብ (ክፍያው ሳይጠየቅ) ለመክሰስ አመልክቺ፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ተጽፏል። ያለሽን ንብረትና ገቢ በቃለ መሐላ ትዘረዝሪያለሽ። ሥራ መልቀቅሽ እዚህም ይጠቅምሻል።

ስሜ ይቆይ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቻቱን ዛሬ ኤክስፖርት አድርጌዋለሁ። ነገ ፖሊስ ጋ፣ ከዚያ ማኅበሩ ጋ እሄዳለሁ። እቴቴ፣ እህቴ ጋ ነኝ አይጨነቁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ፎቶዎቹን ከክሱ ጋር አያይዤ ማስገባት ግድ ነው? መዝገብ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሊያያቸው ነው?

ጠበቃው ከሜክሲኮ

ክሱ ላይ አታያይዢያቸው። ፎቶዎቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጪ። የማስረጃ ዝርዝርሽ ላይ «ዳኛው ሲያዙ በታሸገ ፖስታ የሚቀርብ» ብለሽ ጻፊ። ጉዳዩ በዝግ ችሎት እንዲታይም በዚያው ቀን በተለየ ማመልከቻ ጠይቂ፤ የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ሲባል ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ዝግ ችሎትን ይፈቅዳል። ማመልከቻውን ክሱን ከምትከፍቺበት ቀን አታሳልፊው፤ መዝገቡ አንዴ በግልጽ ችሎት ከተጠራ በኋላ ስምሽን ያልሰማ አይኖርም።