ቤዙ የሚያጠግብ፣ ግን ድምፃዊውን የማይውጥ ዝግ ሄድፎን የቱ ነው?

የጠባሴ ልጅ፦

ሰላም ሰዎች። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። እሱ ሌሊት ተነስቶ ፈረቃ ስለሚገባ በጊዜ ይተኛል፣ እኔ ደግሞ ሙዚቃ የምሰማውም በላፕቶፔ ቢት የምሠራውም ማታ ማታ ነው። ስለዚህ ጀርባው ክፍት የሆነው ዓይነት አይሆነኝም፣ ድምፁ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ልጁን እንቅልፍ ይነሳዋል። ዝግ የሆነ፣ ገመድ ያለው ነው የምፈልገው።

ችግሬ ይሄ ነው። አሁን ያለኝ ርካሽ ነው፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ቤዝ ቤዝ ተብሎ የተጻፈበት። ቤዝ አለው፣ ግን ዱብ ዱብ ብቻ። ድምፃዊው ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ነው የሚመስለው፣ ክራሩም ሲመታ የክሩ ጥርት ያለች ድምፅ ትጠፋለች። ባለፈው የጓደኛዬን የስቱዲዮ ሄድፎን ለሁለት ቀን ተውሼ ነበር። እሱ ደግሞ ሁሉን ነገር አንድ በአንድ ያሰማሃል፣ ቤዙ ግን የለም ማለት ይቻላል። እኔ ሁለቱንም ነው የምፈልገው። ከበሮው ሲመታ ክብደቱ እንዲሰማኝ፣ የዘፋኙም ትንፋሽ እንዳይጠፋብኝ።

የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ከውጭ ትመጣለች፣ እስከ 150 ዶላር የሚያወጣ ከሆነ አመጣልሃለሁ ብላኛለች። እንዲህ ያለ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም፣ አንዴ ገዝቼ ዓመታት ልጠቀምበት ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

ከሚክሰሩ ጀርባ፦

ወንድምዓለም፣ መጀመሪያ የሚያጠግብ ቤዝ ምን እንደሆነ እንነጋገር፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት የሚለካው በኸርዝ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ 41 ኸርዝ ገደማ ነው። የትልቅ ከበሮ ክብደትም ያለው ከ100 ኸርዝ በታች ነው። የወንድ ድምፅ ደግሞ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ይጀምራል። ርካሾቹ ሄድፎኖች የሚያብጡት ታች ሳይሆን ከ100 እስከ 250 ባለው ሰፈር ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ድምፅ ማግዘፍ ቀላል ነው፣ ሱቅ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ የሞከረውም ሰው ኃይለኛ ነው ብሎ ይገዛል። ድምፃዊህን ብርድ ልብስ ያለበሰብህ እሱ እብጠት ነው። ጥሩው ሄድፎን ከ100 በታች ከፍ ብሎ ይሄድና 200 ሳይደርስ ረጋ ይላል። ሐርማን በሚባለው የድምፅ ዕቃ ኩባንያ ውስጥ እነ ሾን ኦሊቭ ሰዎችን እያስደመጡ ባደረጉት ጥናትም አብዛኛው አድማጭ የመረጠው ወደዚህ የተጠጋውን ነው። ቤዝ መውደድህ የጆሮ ችግር አይደለም ማለት ነው።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ ላንተ መጀመሪያ የማስበው ኤኬጂ ኬ371ን ነው። በ2019 የወጣ ነው፣ ድምፁም ወደዚያ ወደ ሐርማን መስመር በጣም የተጠጋ ነው። 32 ኦም ስለሆነ ስልክም ላፕቶፕም በደንብ ያስጮኸዋል፤ ኦም ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም ነው፣ ሲበዛ በስልክ ማስጮኽ ይከብዳል። ቤዙ እታች ድረስ ይወርዳል፣ ግን ድምፃዊው ላይ አይወጣም። ገመዱ ይነቀላል፣ ሦስት ዓይነት ገመድም አብሮት ይመጣል። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ ጆሮህ ዙሪያ በደንብ ካልገጠመ ቤዙ ወዲያው ይጠፋል።

ሁለተኛው የኦዲዮ ቴክኒካ ኤም50ኤክስ ነው፣ 38 ኦም። በዚህ በጀት ካሉት በጣም የታወቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ቤዙ ከሚገባው ትንሽ ይበዛል፣ ላዩም፣ ማለት ቀጭኑ ድምፅ፣ ደመቅ ይላል፣ ሙዚቃ ለመስማት ደስ ይላል፣ ለሚክስ፣ ማለት ድምፆችን አመጣጥኖ ለማቀላቀል፣ ግን ትንሽ ይሸነግልሃል። ታናሹ ኤም40ኤክስ ከሱ ረጋ ያለ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ግን የቤዝ ጥምህን የሚቆርጥ አይመስለኝም። የሶኒው 7506 ከ1991 ጀምሮ ስቱዲዮ ለስቱዲዮ ሲዞር የኖረ ነው። ስህተት ፍለጋ ላይ ተወዳዳሪ የለውም፣ ግን ‹ስ› እና ‹ሽ› ላይ ይወጋል፣ ገመዱም እንደ ድሮ የቤት ስልክ ገመድ የተጠቀለለ ነው፣ አይነቀልም። የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ደግሞ ቤዙ ጥልቅ ነው፣ ጆሮ ላይ እንደ ትራስ ነው፣ ላዩ ግን ስለታም ነው። እሱን ካልክ ባለ 250 ኦሙን በስልክ አትሞክረው፣ ድምፁ ዝቅ ይልብሃል።

ከገበያ ውስጥ ደግሞ ኤም50ኤክስ ብሎ ፎርጅድ የሚሸጥ አለና የአክስትህ ልጅ የታወቀ ሱቅ ትግዛልህ።

የሸዋ ሮቢቷ፦

ሞዴሉን እሱ ጨርሶታል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ያን የጓደኛህን ሄድፎን ስትሞክር ጭንቅላትህ ላይ ምን አድርገህ ነበር?

የምጠይቅህ እኔ ራሴ ስለደረሰብኝ ነው። መነጽር አደርጋለሁ። አንድ ሰሞን ደግሞ ወፍራም ሹሩባ ተሠርቼ ነበር። የለመድኩት ሄድፎን በአንድ ቀን ቤዙ ጠፋ። ተበላሸ ብዬ ሠሪ ጋ ልወስደው ስል እህቴ ስፖንጁን በሁለት እጇ ወደ ጭንቅላቴ ጫን አደረገችው፣ ቤዙ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ስፖንጁ ሹሩባው ላይ ስለተቀመጠ በጉንጉኖቹ መሀል አየር ያሳልፍ ነበር ማለት ነው። ዝግ ሄድፎን ቤዙን የሚይዘው ጆሮህና ስፒከሩ መሀል ባለችው አየር ነው፣ እሷ ካመለጠች መጀመሪያ የሚሄደው ወፍራሙ ድምፅ ነው። ላዩ አይነካም፣ ለዚህ ነው ሰው ‹ጥርት ያለ ግን ቤዝ የሌለው› የሚለው። አሁን ሹሩባ ስሠራ ከጆሮዬ በታች ያለውን ለስለስ አድርጊልኝ እላለሁ፣ መነጽሬም ክንዱ ቀጭን ነው።

ሌላው ስለ ስፖንጁ ነው። እኛ ጋ ሙቀት ነው፣ የቆዳ መሳይ ስፖንጅ ያልባል፣ ቆይቶ ጥቁር ጥቁሩ እየተላጠ አንገት ላይ ይረግፋል። እኔ ጨርቅ መሳዩን እመርጣለሁ። አንተ ያለህበት ብርድ ስለሆነ ቆዳ መሳዩ ይሻልሃል፣ አየርም በደንብ ይዘጋል። ብቻ መለዋወጫ ስፖንጅ የሚገኝለት መሆኑን ሳታይ አትግዛ።

የካሴት ዘመን፦

ልጄ፣ ሄድፎኑ ሲመጣልህ በቤዝ ዘፈን ብቻ አትፈትነው። በገና ክፈትበት። የበገና ጅማት ከስሩ ያለችውን ቁራጭ ቆዳ እየነካ የሚያወጣት እዝዝ የምትል ድምፅ አለች። ያቺ ድምፅ ከወፍራሙ ጋር አብራ ከተሰማችህና ደርዳሪው በዝግታ የሚላቸው ቃላት ካልተዋጡ ሚዛኑ ደህና ነው። ቀጥሎ ከበሮና ጭብጨባ ያለበት ነገር ስማ፣ የከበሮው ሰፊው ፊትና ጠባቡ ፊት ድምፃቸው ተለይቶ መምጣት አለበት። አንድ ዓይነት ዱብታ ብቻ ከሆነ እሱ ቤዝ አይደለም፣ እብጠት ነው፣ ሚክሰሩ እንዳለው።

ድምፁን ዝቅ አድርገህ ስትሰማ ቤዝ ቢያንስብህ አትደንግጥ። የሰው ጆሮ ተፈጥሮው ነው፣ ቮልዩም ሲቀንስ ወፍራሙ ድምፅ ቀድሞ ይደክማል። ማታ ማታ ቀስ አድርገህ ከሆነ የምትሰማው ኢኮላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የምታደርግበት) ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ሁለት ሦስት ዴሲቤል ከፍ አድርግና ጠቅላላውን በዚያው ልክ ዝቅ አድርግ፣ አለዚያ ይሰነጠቃል። አንድሮይድ ላይ ዌቭሌት የሚባል አፕ አለ፣ የሄድፎንህን ሞዴል ስትመርጥለት ራሱ ያስተካክልልሃል።

አውቶቡስ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሞተሩ ሲያጓራ ቤዝህን ይበላዋል፣ ዝግ ሄድፎን የሰውን ወሬ በደንብ ይከላከላል፣ የሞተርን ጉርምርምታ ግን እምብዛም። ሰው ያኔ ቮልዩም ይጨምርና ከዋሻው ወጥቶም እዚያው ይተወዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። እኔ በወጣትነቴ የሚነግረኝ አጥቼ ዛሬ ግራ ጆሮዬ ይጮኻል። አንተ ገና ሙዚቃ ልትሠራ ነው፣ ጆሮህን ጠብቅ።

የጠባሴ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ክው ነው ያልኩት። እዚህ እኮ ማታ ያለ ሹራብ ኮፍያ አይቀመጥም፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ያለነው። የጓደኛዬን ሄድፎን ሁለቱንም ቀን ያደረግኩት ከኮፍያው በላይ ነው። ዛሬ ሄጄ እንደገና ለመንኩት፣ ኮፍያዬን አውልቄ ፀጉሬን ከስፖንጁ ስር ገለል አድርጌ ያንኑ ዘፈን ከፈትኩት። ቤዙ አለ! የኔ ርካሹ ብዙ ስለሚያብጥ ኮፍያውም አላስቸገረው ነበር፣ ለዚህ ነው ሳላውቀው የኖርኩት።

ጋሼ፣ በገናውንም ሞከርኩት። በኔ ሄድፎን እዝዝታዋ ጭራሽ የለችም፣ በጓደኛዬ ግን ቁልጭ ብላ ትሰማለች። ስለ ጆሮዎ ግን አዘንኩ፣ እግዜር ይማርዎት። ምክርዎን ይዤዋለሁ።

ለአክስቴ ልጅ ኬ371 ብዬ ጻፍኩላት፣ ካጣች ኤም50ኤክስ። ከታወቀ ሱቅ እንድትገዛም ነግሬያታለሁ። እስከዚያ ጓደኛዬ እሑድ እሑድ እያዋሰኝ ነው። አሁን መጀመሪያ ሄድፎኑን አደርግና ጋቢውን ከላይ እከናነባለሁ።