«ጌት ዘ ኖድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል በመሥሪያ ቤት ዘገባ መጠቀም ይቻላልን?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የእንግሊዝኛ ዜና ሳነብ «ጌት ዘ ኖድ» እና «ጊቭ ዘ ኖድ» የሚሉ አባባሎች በተደጋጋሚ ያጋጥሙኛል። «ኖድ» ራስን በአዎንታ መነቅነቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን አንዱ ጋዜጣ ስለ ግብ ጠባቂ መመረጥ፣ ሌላው ስለ መድኃኒት መፈቀድ በዚሁ ቃል ይጽፋል። ለአለቆቼ በማቀርበው የእንግሊዝኛ ዘገባ ውስጥ ባስገባው ያስነቅፈኛልን?

ምላሽ፦
ጠያቂያችን፣ በሁለቱም ቦታ መልእክቱ አንድ ነው፤ የመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው ወይም አካል «ይሁን» ብሏል ማለት ነው። የሚፈቅደው ወገን ሲነገር «ጊቭ»፣ የተመረጠው ወይም የተፈቀደለት ሲነገር «ጌት» ይባላል። በስፖርት ዜና የሚዘወተረው ለአንድ ቦታ ሁለት ተፎካካሪዎች ሲኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ኔዘርላንድና ኮስታ ሪካ ያለ ግብ ቆይተው ተጨማሪው ሰዓት ሊያበቃ ሲል፣ አሠልጣኙ ሉዊስ ቫን ሃል ግብ ጠባቂውን ያስፐር ሲለሰንን አስወጥተው ለመለያ ምቱ ቲም ክሩልን አስገቡ፤ ክሩልም ሁለት ምቶች አድኖ ቡድኑ 4 ለ 3 አሸነፈ። ክሩል «ኖዱን አገኘ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ምርጫ ነው። ድምፅ አልተሰጠም፣ ጉባኤም አልተጠራም፤ አሠልጣኙ ወሰኑ፣ አለቀ።

ሌላ ምላሽ፦
በአሜሪካ ፖለቲካም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ዎልተር ሞንዴል ጄራልዲን ፌራሮን በምክትል ፕሬዚዳንትነት አብራቸው እንድትወዳደር ሲመርጡ፣ ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች በአንዱ ለዚህ ቦታ የታጨች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ የዴሞክራቶች ጉባኤ በሳን ፍራንሲስኮ ዕጩነቷን ያጸደቀው ከዚያ በኋላ ነው። የዜና ርእሶች ግን የግለሰቡን ምርጫም ሆነ የፓርቲውን ይፋ ዕጩነት «ኖድ» ስለሚሉ፣ አንባቢው የትኛው እንደሆነ ከዝርዝሩ መለየት ይኖርበታል።

ሦስተኛ ምላሽ፦
ለዘገባዎ እንዳይጠቀሙበት አጥብቄ እመክራለሁ። አባባሉ የዕለት ተዕለት ንግግርና የጋዜጣ ርእስ ነው፤ በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ብቻ በመሆኑ ለጠባብ ዓምድ ይመቻል፣ የፈቃዱን ዓይነት ግን ይሸፍናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለፋይዘር የኮቪድ ክትባት በታኅሣሥ ወር 2020 (እ.ኤ.አ.) የሰጠው የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ሲሆን፣ ሙሉ ፈቃድ የሰጠው በነሐሴ 2021 ነው። ሁለቱንም «ኖድ» ብሎ ማለፍ፣ ክትባቱን ለመከተብ የሚያመነታን ሰው ሊያውቀው ከሚገባው ልዩነት ማራቅ ነው፤ ይህ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባውም። ስለዚህ ለፈቃድ «አፕሩቭ»፣ ለምርጫ «ሰሌክት»፣ ለዕጩነት «ኖሚኔት» ይበሉ፤ ማን፣ መቼና በምን ሥልጣን እንደወሰነም አብረው ይጻፉ። በብሪታንያ ጋዜጦች «ኦን ዘ ኖድ» የሚል ካጋጠመዎት ደግሞ፣ ጉዳዩ ያለ ክርክርና ያለ ድምፅ ቆጠራ ጸደቀ ማለት ስለሆነ ከላይ ከተነገሩት ጋር አይቀላቅሉት።