መቃብር ለሌለው ሰው መታሰቢያ እንዴት ይደረጋል?

የመንደራ ልጅ፦
ሰላም የጅማ ልጆች፣ እስቲ ምከሩኝ። ግቢያችን ተከራይታ የምትኖር የዚምባብዌ ሴት አለች፣ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። አባቷ ዋንኪ በሚባለው ቦታ (ዛሬ ህዋንጌ ይሉታል) ከሰል ቆፋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1972 ጉድጓዱ ፈንድቶ 427 ሰው ሲያልቅ እሱም እዚያው ቀረ። እሷ ያኔ ገና በእናቷ ጀርባ ላይ ነበረች። ከጥቂቶች በቀር ሬሳ አልወጣም፣ ጉድጓዱ ታሸገ። ቡና ላይ ይህን ስታወራን እናቴ አለቀሰች። ቀኑ በእኛ ግንቦት 29 ነው። እዚህ ከእኛ ሌላ ዘመድ የላትም፣ ዝም ብለን ልናሳልፈው አልፈለግንም። ምን እናድርግ?

ኡሙ ጅሬን፦
አላህ ያጽናት። እኛ ጋ ሬሳው በሌለበት ሶላተል ጋኢብ ይሰገዳል። እሷ ክርስቲያን ከሆነች ግን በራሷ እምነት ይሁንላት። በስሙ ችግረኛ ማብላት የሁላችንም ነው፣ እኔ እንጀራውን እችላለሁ።

ድንጋይ ወዳድ፦
ጂኦሎጂ ነው ያጠናሁት። ለምን አላወጧቸውም የሚል ጥያቄ ውስጧ ካለ ይህን ብታውቅ ጥሩ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ሚቴን ጋዝ አየር ውስጥ ተጠራቅሞ እሳት ሲያገኝ ይፈነዳል፣ ፍንዳታው መሬት ላይ የተኛውን የከሰል ብናኝ ያስነሳዋል፣ ብናኙም በተራው እየነደደ በዋሻው ሁሉ ይሮጣል። ከዚያ የሚቀረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ አይታይም አይሸትም፣ ከእሳቱ የተረፈውንም ይገድላል። ዋንኪ ላይ ሌላ ፍንዳታ ተከትሎ ስለነበር ፈላጊዎቹም አብረው ሊያልቁ ነበር። ደልቢ ሞዬ ከሰል ያለው እዚሁ ዞናችን ውስጥ ስለሆነ ነገሩ የሩቅ ሰው ወሬ አይደለም፣ እኛንም ይመለከተናል።

የቆጪዋ፦
ልባችሁ ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ እሷን ጠይቋት። ድንኳን ተክላችሁ፣ ሰው ሰብስባችሁ ድንገት ብታስደነግጧት ሐዘኑን ትቀሰቅሱባታላችሁ እንጂ አታጽናኗትም። እኔ የአጎቴን ሬሳ ሳላይ ነው ያለቀስኩት፣ እና የጠቀመኝ ሰዎች ስሙን እየጠሩ ስለ እሱ ሲያወሩ ነው። ስሙን ጠይቋት፣ ምን ይወድ እንደነበር እናቷ የነገረቻትን ታውራችሁ።

የመንደራ ልጅ፦
ልክ ነሽ እህቴ፣ ጠየቅናት። ድንኳን አልፈልግም አለች። ጧፍ ይብራ፣ ቡና ይፈላ፣ የአባቴ ስም ይጠራ፣ አብረውት የሞቱትም ይታሰቡ አለች፣ ከዛምቢያ፣ ከማላዊ፣ ከሞዛምቢክ ለሥራ መጥተው እዚያው የቀሩ ብዙ ናቸውና። ኡሙ፣ እንጀራሽን በደስታ ተቀብላለች። ድንጋይ ወዳድ፣ አንተም ናልን፤ የጻፍከውን በእንግሊዝኛ ቁጭ ብለህ ብታስረዳት፣ እኔ ዝርዝሩን አልችለውም።